ተጣጣፊዋ ወንበር

እንግሊዝ የምርጫ ሥርዓቷን ትለውጥ እንደሆን ሕዝቧን በጠየቀችበት ቀን፣ ሽማግሌው ጥቁር ሱፋቸውን ግጥም አድርገው፣ ተጣጣፊ ወንበር በብብታቸው ይዘው ኬኒንግተን ካለ ምርጫ ጣቢያ ደረሱ።

«ሰልፍ የለም እኮ፣ አባባ» አለች ወረቀት የምታድለው ዊጅዳን፣ ማዛጋቷን ዋጥ አድርጋ።

«ወንበሯ ለኋላ ትቆየኝ» አሉና ጥያቄውን እንድታስረዳቸው ለመኗት።

«ለውጡ ካለፈ፣ አንደኛ ያሉት ሰው ሲወድቅ ድምፅዎ ሁለተኛ ላሉት ይሄዳል።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ተራውን ሰው ‹ሁለተኛስ ማንን ትወዳለህ?› ብሎ የሚጠይቅ አገር!»

ወረቀቱን ስለት እንደሚያገባ ሰው በሁለት እጃቸው ሳጥኑ ውስጥ ከተቱት። ዊጅዳን ሳታስበው ከመቀመጫዋ ተነሳች። እሳቸው ግን ወጥተው፣ ሳጥኑ ከሚታይበት በር ፊት ለፊት ወንበራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ።

«ጨርሰዋል እኮ፤ ቤትዎ ይግቡ እንጂ።»

«ልጄ፣ አገር ቤት በዘጠና ሰባት ድምፄን ሰጥቼ ቤቴ ገብቼ ነበር።»