በርሜሉ ወደ ኋላ የሄደ ዕለት

ሽሮፕ ፋብሪካው ውስጥ «ቀማሿ» ካላሉ ማንም አያውቃትም። ከላቦራቶሪው ማሽን ምላሷ ይቀድማል ስለሚባልላት ነው፤ እሷም አላስተባበለችም፣ ኩራቷ ልክ የለውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዋ ታንከር ላይ ነው፤ ግሉኮሱን በኢንዛይም ወደ ፍሩክቶስ፣ ይበልጥ ወደሚጥመው ስኳር፣ ማስቀየር። ኢንዛይሙን «ጎበዜ» ትለዋለች። ለውጡ ሁልጊዜ ግማሽ ላይ ቀጥ ሲል፣ ሰንፎ ነው ብላ አንድ ማንኪያ ትደርብበታለች። ወይ ፍንክች!

ልጇ እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ የሙከራ ጊዜዋን እየጨረሰች ነበር። ሦስት ወር ለፍታ፣ በመለያ ማሽን ደጋግማ አጣርታ፣ ከመቶ ዘጠናው ፍሩክቶስ የሆነ አንድ በርሜል አወጣች። ሥራ አስኪያጁ ከሰዓት በኋላ ያንን አይቶ በቋሚነት ሊቀጥራት ነው። የእናት ሆድ አርፎ መች ይቀመጣል? ዘጠናው መቶ ቢሆንላትስ አለች። ጠዋት ልጅቷ ስብሰባ ስትገባ በርሜሉን ባዶው ታንከር ውስጥ ገለበጠችው፤ ሙቀቱን አስተካክላ ከ«ጎበዜ» ያለ ስስት ጨመረችበት።

ስምንት ሰዓት ላይ ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች። ምላሴ ነው የከዳኝ ብላ አፏን ተጉመጥምጣ ሦስተኛ ሞከረች፤ ጣዕሙ ወርዷል። በጠርሙስ ቀድታ እየሮጠች ወደ ልጇ ወሰደችው። ማሽኑ ሃምሳ አንድ አለ።

«እማዬ፣ ምን ውስጥ ነው የጨመርሽው?»

ነገረቻት። ልጅቷ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። እያቃተታት አስረዳቻት። በሁለቱ ስኳሮች መሃል መሻገር የሚያስቸግር ጉብታ አለ፤ ኢንዛይሙ ያንን ጉብታ ዝቅ ያደርጋል። የስኳሮቹን ነፃ ኃይል፣ ማለትም በየራሳቸው ውስጥ ያለውን ለለውጥ የሚገፋ ኃይል፣ ግን ቅንጣት አይነካም፤ ለውጡ የት እንደሚቆም የሚወስነው ደግሞ ይኸው ኃይል ነው። በእነዚህ ስኳሮች ግማሽ በግማሽ ግድም ላይ ይረጋል፤ ከዚያ ያለፈውም ይመለሳል።

«ጎበዝሽ መንገዱን ነው የሚያቀለው፣ እማ። ለሚሄደውም ለሚመለሰውም።»

ቀማሿ ፊቷ አመድ መሰለ። የልጇ ሦስት ወር በአንድ ጠዋት ወደ ኋላ ሄደ፤ የላከችው ደግሞ እሷው ናት። ያ ሁሉ ዓመት የደረበችው ማንኪያ ቶሎ አደረሰ እንጂ ጠብታ እንዳልጨመረ ገና አሁን ገባት። ልጅቷ ማሽኑ ተበላሽቶ ነው እንበል ብትላትም እሺ አላለችም። ሽርጧን ፈታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባችና ሳትደብቅ ተናገረች።

ሰውየው ለልጅቷ ሌላ ሦስት ወር ሰጣት፤ እናትየውን ከታንከር አንስቶ ጠርሙስ አጠባ መደባት። ልትወጣ ስትል አንድ ነገር ጠየቃት።

«ልጅሽ እዚሁ አጠገብሽ ናት። ሳትገለብጪው በፊት ምን አለችሽ?»

«አልጠየቅኳትም» አለች።