አባዬ እና የግራንት ፓርኩ መታጠፊያ

ዛሬ ጠዋት አባዬ ግራንት ፓርክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ከመንገዱ መታጠፊያ አልነቅል አለ። እማዬ ብቅ የምትለው በዚያ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ፓርኩን ትዞር ነበር። እሱ ጉልበቱን ስለሚያመው ውሃዋን ይዞ ይጠብቃት ነበር።

አርባዋን ካወጣን ወዲህ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ግን ራሱ "ውሰጂኝ" አለኝ። መኪናዋን ፓርክ አድርጌ ስመጣ የድሮ ቦታው ላይ አገኘሁት።

ዕድሜውን ኮሌጅ ፓርክ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው አይደል? "ይሄን ጠመዝማዛ መንገድ የቀየሰው ሰውዬ በማይል ነው መሰለኝ የሚከፈለው" እያለ እማዬን በሳቅ ይገድላት ነበር።

እንዳላለቅስ ብዬ ወሬ ጀመርኩ።

"አባዬ፣ ሆን ብለው ነው እኮ ያጣመሙት። ፓርኩ የተሠራው በሠረገላ ዘመን ነው፤ የንግሥት ቪክቶሪያ ጊዜ ፋሽን ነበር። ሰው ሲንሸራሸር ሁሉንም ባንዴ አይቶ እንዳይጨርሰው ነው።"

"ደግ አደረጉ" አለኝ።

"እንዴት?"

"ቀጥ ያለ ቢሆን፣ እንደማትመጣ ገና ስቀመጥ አየው ነበር።"

 

ወዲያው ከመታጠፊያው የሰው ጥላ ብቅ አለ። አባዬ ከወንበሩ ብድግ አለ። አንዲት የማናውቃት ሴት እየሮጠች "ጉድ ሞርኒንግ" ብላን አለፈች።

ያኔ ነው እጁን ያየሁት። ውሃ ይዞ መጥቷል።

እናንተስ፣ የሄደባችሁን ሰው አሁንም የምትጠብቁበት ቦታ አላችሁ? ጻፉልኝ፣ አነባለሁ። እኛ ገና አልተነሳንም። "ትንሽ እንያት" ብሎኛል።