የእሁድ ዘይት

ጠዋት ጠዋት ቀኝ ጉልበቴን ያመኛል። ጥፋተኛዋ የአባቴ ሞተር ሳይክል ናት። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከደረጃችን ሥር በሰንሰለት ታስራ ታድራለች። ቁልፍ አዙሮ ማስነሳት ብሎ ነገር አታውቅም፤ በእግር እየረገጡ መለመን ነው። አምና ደግሞ ጭሷ ተጨመረበት። በለቡ፣ በላፍቶ አድርጌ ጎፋ ወደሚገኘው ሥራዬ ስሄድ ከኋላዬ ያለው መንገድ አይታይም ነበር። አንድ የታክሲ ረዳት ባገኘኝ ቁጥር አንገቱን በመስኮት ያወጣና፣ "ጋሼ፣ ትንኝ እያባረርክ ነው?" ይለኛል።

ሳያውቅ ነው እንጂ አልተሳሳተም። አባቴ የወባ መከላከል ሠራተኛ ነበር። መኪና የማይገባበትን ጭቃና ዳገት በዚህች ትንሽ የገጠር ሞተር ሲወጣ ሲወርድ ነው ያረጀው። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ንብረቱን በጨረታ ሲሸጥ እሷን ገዝቶ ጡረታ ወጣ። አሁን የሚኖረው እኛ ጋ ነው። መንዳቱን ሲያቆም ለእኔ ተረፈችኝ።

ሞተሯ ከቤንዚኑ ጋር ዘይት ተቀላቅሎ ካልተሰጠው ብረት ከብረት ተፋጭቶ ተቆልፎ ይቀራል። መቀላቀሉ የአባቴ ሥራ ነበር። ቅዳሜ ቤንዚን ሞልቼ እመጣለሁ፤ እሁድ እሱ አፏ በተሸረፈ ሲኒ ዘይቱን ለክቶ የቤንዚን ቋቷ ውስጥ ይጨምራል። ግራና ቀኝ ይወዘውዛታል፤ ከዚያ ጣቱን ነክሮ ያሸትና፣ "በቃ፣ ጠገበች" ይላል።

እያደር መርሳት ጀመረ። ውሃ ከፍቶ ይተዋል። እኔን በሟች ወንድሙ ስም ይጠራኛል። አንድ እሁድ ሲኒዋን ይዞ ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ "ይቺ የምንድን ናት?" አለኝ። "ተወው አባዬ፣ እኔ አለሁ" ብዬ ተቀበልኩትና መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት። ምክንያቱን አልነገርኩትም። ምን ልበለው? ረስተሃል ልበለው? ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ማደያው ጋ ስቆም ዘይቱን ራሴ እጨምር ነበር።

ጭሱ የመጣው ያኔ ነው። እሳት የሚጭርላት ካንዴላ በጥላሸት እየተደፈነ መንገድ ላይ ታቆመኛለች። ላፍቶ ዳገት ላይ ካንዴላ ፈትቼ ስቦርሽ፣ ሱሪዬ በዘይት እየተነከረ፣ ስንት ቀን ሥራ አረፈድኩ! ነፋስ ስልክ ያለው መካኒክ ፒስተኗ አልቋል አለኝ። ፈታ፣ ቀየረ፣ ገጠመ፤ ያው ናት። ሰለቸኝ። የምጦረው አባት አለኝ፣ የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ፤ በዚህ ሁሉ ላይ አሮጌ ብረት ማስታመም አቃተኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እሁድ ከሰዓት መጥቶ ሊወስዳት ተስማማን።

ለአባቴ ስነግረው "እሺ" ብቻ አለ። ምሳውን ግን አልበላም።

እሁድ ኪዳን አድርሼ ከወትሮው ቀደም ብዬ ተመለስኩ። አባቴ ከደረጃው ሥር ተንበርክኮ በዚያችው ሲኒ ዘይት ይጨምራል። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም።

"አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?"

"እሁድ አይደል እንዴ?"

"ሁልጊዜ ትጨምርላታለህ?"

"አንተ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ሥራ በዝቶብሃል፣ ደክሞሃል፤ ትረሳለህ ብዬ ሰጋሁ። ረሳህ ብዬ ላሳፍርህ ደግሞ አልፈለግኩም።"

ደረጃው ላይ ዘጭ አልኩ። እሱ ለእኔ፣ እኔ ለእሱ ስንሳቀቅ ምስኪኗን እጥፍ ዘይት ስንግታት ከርመናል። ሳቄ መጣ፤ ሳልጨርሰው እንባዬ ቀደመኝ። ሲኒዋ አንድ ቀን ብትጠፋበትም፣ እኔን ከወንድሙ መለየት ያቃተው ሰው የእሷን ዘይት አልረሳም። ለባልደረባዬ ደወልኩና አልሸጥም አልኩት። ተቆጣ፤ ይቆጣ።

ከዚያ ወዲህ እጄን ሰበሰብኩ፤ ዘይቱ እንደ ድሮው የአባቴ ሆነ። ጭሱ ቀነሰ፣ መንገድ ላይ መቆምም ቀረ። ረዳቱ ሳይቀር፣ "ጋሼ፣ ትንኙ አለቀ እንዴ?" አለኝ።

ክረምቱ እንደወጣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ላፍቶ ዳገት ላይ፣ ጭሷ ጨርሶ ጠፋ። ድምጿም ቀጠነብኝ። ደንግጬ አጠፋኋትና ጥጌን ያዝኩ። ቋቷን ከፍቼ ጣቴን ነከርኩ፤ አሸተትኩት። ዘይት የለበትም፤ ባዶ ቤንዚን ነው። መኪናው ሁሉ ጥሩምባውን እየነፋብኝ ያልፋል፤ እኔ ጣቴን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ። የዚያን ቀን ያህል ደክሞኝ አያውቅም። በኋላ ከአንድ ጎሚስታ ዘይት ለምኜ ጨመርኩላት።

አመሻሽ ላይ ስመለስ አባቴ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

"እንዴት ዋለች?" አለኝ።

"ደህና ዋለች። ጥሩ አድርገህ ቀላቅለህላታል።"

እጄን ሳብ አደረገና፣ ድሮ የራሱን እንደሚያሸተው ጣቴን አሸተተ። የዘይት ሽታ ቢታጠቡትም ቶሎ አይለቅም። ቀስ ብሎ ተነስቶ ወደ ቤት ገባና ሲኒዋን ይዞ ተመለሰ።

"ከእንግዲህ አንተ ቀላቅል" አለኝና መዳፌ ላይ አስቀመጣት።