ወንድሜ ላፕቶፕ የመረጠልኝ ቀን

ዩኒቨርሲቲ ልገባ አንድ ወር ሲቀረኝ ላፕቶፕ የመረጠልኝ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ወታደር ነው። ለሁለት ቀን እረፍት ቢመጣ፣ እናታችን የሠራችለትን ምሳ እንኳ ሳይጨርስ ጎትቼ ይዤው ወጣሁ። ከሰፈራችን ከክፋር ግቢሮል ተነስተን ከተማው መሃል ያለው፣ በዕብራይስጥ ካንዮን የሚባለው የገበያ ማዕከል እስክንደርስ ተጨቃጨቅን። እኔ የምፈልገው ለመሸከም ቀላል፣ ባትሪው የሚቆይ፣ ዋጋው የሚቀመስ ነው። እሱ ስለ ግራፊክስ ካርድ ይሰብከኛል።

«ለእኔ ማጥኛ ነው ወይስ ላንተ መጫወቻ?» አልኩት።

«አንቺም ትጫወቻለሽ፣ አላውቅሽም እንዴ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ተኩስ ያለበት ጨዋታ ላይ ከእኔ የባሰ አረመኔ የለም።

ሱቁ ውስጥ ቁልፎቹን እየተጫነ ሞከረ፣ እየገለበጠ አየ፣ ሻጩን በጥያቄ አደረቀው። በመጨረሻ ክዳኑ ስለተጫረ ዋጋው የተቀነሰለት አንድ አገኘ፤ ስምንት ጊጋ ራም፣ አነስ ያለ ግራፊክስ ካርድ። «ቤሰደር፣ እሺ በቃ፣ ይኸው። ከዚህ የረከሰ ከገዛሽ ዓመት ሳይሞላ ታለቅሻለሽ» አለ። ከፈልኩ።

ካርቶኑን ከእጄ መንትፎ ሮጠ። ቤትም እንዲሁ ነው፤ እሱ ነጥቆ ይሮጣል፣ እኔ አባርራለሁ። እየሳቅሁ፣ በዕብራይስጥ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ «ያዙት!» አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ።

የበሩ ዘበኛ ከጎን ገጭቶ በአፍጢሙ ደፋው። ጉልበቱን ማጅራቱ ላይ ተክሎ ክንዱን ወደ ኋላ ጠመዘዘው። ወንድሜ «እህቴ ናት» ሊል ቀና ሲል ፊቱን ከወለሉ ጋር አጋጨው። ደም አየሁ። ወንድሜ ነው፣ ወንድሜ ነው ብል ማን ይስማኝ። አንዲት ሴት በስልኳ ትቀርጸናለች። ደሜ ፈላ። የወደቀውን ካርቶን አንስቼ በዘበኛው ጆሮ ግንድ ላይ አሳረፍኩት። አልበቃኝም፤ ደገምኩት። ሌላ ዘበኛ መጥቶ በፀጉሬ ሲጎትተኝ እጁን ነከስኩ፤ እስኪጮህ አለቀቅሁም። በዕድሜዬ ሰው መግደል የፈለግሁት ያን ጊዜ ነው፣ አላፍርበትም።

የመጀመሪያው ዘበኛ የወንድሜን ኪስ ሲፈትሽ የወታደር መታወቂያውን አገኘ። ወዲያው ጉልበቱን አነሳለት። «ምነው ወታደር ነኝ ብትለኝ» አለው፣ ቅር እንደተሰኘ ሰው። እኛም አልከሰስንም፣ እነሱም ፖሊስ አልጠሩብኝም።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ካርቶኑን ከፈትኩት። ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። ወንድሜ አላየውም፤ ደሙን በእጅጌው ይጠርጋል።

«ለእማዬ ደረጃ ላይ ወደቅሁ እላታለሁ» አለ።

«ምን ሲደረግ! ያደረጉህን ሁሉ እነግራታለሁ» አልኩት።

«ንገሪያት። ያዙት ያለው ማን እንደሆነም አብረሽ ንገሪያት።»

እናታችን በሩን ከፍታ ፊቱን ስታይ ደረቷን መታች። ደረጃ ላይ ወደቅሁ አላት። አላመነችውም፤ ወደ እኔ ዞረች።

«አዎ፣ ወደቀ» አልኳት።