የቤት ሰው ጎመን

ሐኪሙ የልጄን ሕመም «ከምትበላው ነው» ካለኝ ወዲህ ቲማቲም እንኳ የምቆርጠው በጥርጣሬ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ሰበታ የምንበላው ጎመን በምን ዓይነት ወንዝ ውሃ እንደሚያድግ፣ ከወንዙ በላይ ስንት ፋብሪካ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። አውቀን እንበላለን።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በተጂ መንገድ ላይ በጉድጓድ ውሃ አትክልት የሚያለሙ ገበሬ እንዳሉ ነገረችኝ። ዘር ሳይዘራ ቀድመሽ ትከፍያለሽ፤ ከዚያ በየቅዳሜው መሬቱ የሰጠውን በዘንቢል ትቀበያለሽ። ያልበቀለ ጎመን መግዛት! ሳቅሁባት። ልጄን ሳስብ ግን ከፈልሁ።

ዘንቢሉ ሳይቋረጥ መጣ፤ ጎመኑም ለምለም ነበር። ለምለምነቱ ነው ያናደደኝ። በዚህ በጋ የትኛው ጉድጓድ ነው ይህን የሚያጠጣው? ባሌ «አንቺ ገነት ብትገቢም አጥሩን ትፈትሻለሽ» ይለኛል። አንድ ቅዳሜ ለማንም ሳልናገር ሚኒባስ ተሳፈርሁ።

ማሳው ወንዝ ዳር ነው። ፓምፑ እየጮኸ ጥቁሩን ውሃ ወደ ጎመኑ ይገፋል። ደሜ ፈላ። ከቤቱ ጀርባ ደግሞ በእሾህ የታጠረች ትንሽ መደብ አለች፤ አጠገቧ ጉድጓድና ባልዲ። ንጹሑን ለራሳቸው፣ መርዙን ለእኛ!

ሽማግሌው ገበሬ «አካም ጅርቱ? ግቢ፣ ምሳ ደርሷል» አሉኝ። ሰላምታቸውን በወጉ ሳልመልስ፣

«ኦቦ፣ ያ የታጠረው የማን ነው?» አልኋቸው።

«ከን ወረ መና።»

የቤት ሰዎች ማለታቸው ነው። ያን ያህል ኦሮምኛ አላጣም።

«የቤት ሰዎች! እኛስ? ልጄ ታማሚ ናት፤ አንቱ እግዜርን አይፈሩም?»

ግራ ተጋብተው አዩኝ። «የቤት ሰዎች እናንተ ናችኋ! ዘሩ ሳይወድቅ ያመነን፣ የቤት ሰው ነው። የጉድጓዱ ውሃ ከእናንተ መደብ አያልፍም።»

«የወንዙስ?»

«እሱ ለገበያ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ፤ «ለእኛም።»

አፈርሁ። መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። ሚስታቸው ምሳውን አቀረቡ፤ እንጀራ በጎመን። የልጄ እኩያ የምትሆን የልጅ ልጃቸው ከአጠገቤ ተቀመጠች፤ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፌ ዘረጋችልኝ።

«በልቻለሁ» አልኋት።

ውሸት ነበር። ልጅቷ ትንሽ ጠብቃ እሷው ጎረሰችው።