ቡላ ይዤ ወደ ደሎ መና

እሑድ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጎባ

ቤቴን ስቆልፍ "በሰላም ግቢ" የሚለኝ ሰው አልነበረም። ባሌ ልብስ ሰፊ ነበር። ከጉራጌ አገር አምጥቶኝ፣ ፊደልም አስቆጥሮኝ፣ እዚሁ ጎባ ሞተ። አንዲቷ ልጄ ዘሀራ ደሎ መና ለነጋዴ ተዳረች። ከዚያ ወዲህ በአገሬ ቋንቋ የማናግረው የለኝም። ቡናዬንም እንደ አገሬ በጨውና በቅቤ አድርጌ ብቻዬን እጠጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከደሎ መና ቡና ጭኖ የወጣው ሁሴን መልእክት አደረሰኝ። "ዘሀራ ሴት ልጅ ወልዳለች። እህል ግን አልወርድ ብሏታል። የእናቴ የቡላ ገንፎ ብቻ ነው ያማረኝ ትላለች።"

ሁሴን ሲመለስ አብሬው ልሄድ ቆረጥሁ። የኔም እናት የሞተችው ታናሼን ወልዳ አራስ ሳለች ነው።

ቡላ ለማታውቁት፣ ከእንሰት የሚወጣ ነጭ ዱቄት ነው፤ ጎባ ገበያ ውላችሁ ብትገቡ አታገኙትም። ከአገር የተላከልኝ አንድ ጣሳ የሚሆን ከሳጥኔ ሥር ነበር። ሌባ ፈርቼ፣ ለሁሴን እንኳ ሳልነግረው፣ በጨርቅ ቋጥሬ ከስንቅ ከረጢቴ ውስጥ ከበሶው ሥር ሸሸግሁት።

ሰኞ፣ ሳነቴ

ከተራራው ወገብ፣ አለት ሥር አድረን ወጣን። ዛፍ የለም፤ ድንጋይ፣ ውሃ የቋጠረ ሣር፣ ጉም። በጉሙ ውስጥ ጅብራ የሚሉት ረጅም የደጋ ተክል እንደ ሰው ቆሞ የሚያየኝ ይመስለኛል። በበቅሎ ላይ ሆኜ ዓይኔን ጨፈንሁ።

"አዮ፣ ኧረ ዓይንዎን ይግለጡ!" ይለኛል ሁሴን። አዮ በነሱ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ እናት ማለት ነው።

"በቅሎዋ ካየች ይበቃል።"

"እሷም እኮ ጨፍናለች!"

አብረውን የሚጓዙት ነጋዴዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ቀትር ላይ በረዶ ወረደብን፤ ከረጢቱን በነጠላዬ ሸፍኜ እኔ ራስኩ።

ሰኞ፣ አመሻሽ፣ ሪራ

ወደ ሃረና ጫካ ስንወርድ የሁሴን አክስት መኪያ ቤት ገባን። ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። እሳት ዳር ሊያስቀምጡኝ ሲሉ ሁሴን እጁን ዘረጋ።

"አዮ፣ ስንቅዎን ይስጡኝ። እዚህ እንግዳ ስንቁን ታቅፎ አይቀመጥም፤ ለቤቱ እመቤት ያስረክባል፣ አብሮ ይበስላል።"

ሰጠሁ። ብርዱ ልቤን ወስዶት ነበር እላለሁ፤ ደግሞም ከረጢቱን ይዤ ብቀር ሌባ አደረገችን የሚሉኝ መሰለኝ። ስለ ቡላው በኋላ እነግራታለሁ ብዬ እሳቱ ዳር አሸለብኩ።

የቀሰቀሰችኝ መኪያ ናት። ገበታው መሃሉ ላይ ቅቤ አቁሯል፤ የሚጤስ ገንፎ ነው። "ኛዳ፣ ኛዳ!" አለችኝ፤ ብሉ ማለቷ ነው። በማንኪያ ጫፍ ቀመስኩ።

ምን ልበላችሁ! ለስላሳ፣ ኮምጠጥ ያለ። የእናቴ ጓሮ አፌ ውስጥ ገባ። በዚህ በብርድ አገር ማን ቡላ ሰጣቸው ብዬ ደስ አለኝ። ሁለተኛም ጎረስኩ። ሦስተኛም። ከገበታው የቀረችውን አራተኛዋን ላነሳ ስል ከምድጃው አጠገብ የቡላ ጨርቄን ተፈትቶ አየሁት።

ጮህኩ። ሁሴን ማንኪያውን ጣለ።

"የአራሷ ነው! የልጄ የዘሀራ ነው!"

ነገሩን በኦሮምኛ ሲነግራት መኪያ ራሷን በእጇ ያዘች። "ምርጡን ዱቄት ለእንግዳ ያመጣች መስሎኝ!" አለች፤ እሱ ተረጎመልኝ። ገበታው ተጠርጎ ነበር። ስድስት ሰው በላነው፣ እኔን ጨምሮ።

ማክሰኞ፣ ሃረና

ማለዳ መኪያ የገብስ ዱቄትና ቅል ሙሉ ቅቤ ጫነችልኝ። በትንሽ የእንጨት ዕቃ ደግሞ ከነገለባው በቅቤ የተጠበሰ ቡና ሰጠችኝ። ቡና ቀላ ይሉታል። አመስግኜ ተቀበልኩ፤ ፊቷን ግን ማየት አፈርኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነበርና።

ቀኑን ሙሉ በጫካ ወረድን። እንደ ሽማግሌ ጢም ከዛፉ ሁሉ የተንጠለጠለ ሽበት የመሰለ ነገር፣ ከሥሩ ማንም ያልተከለው ቡና። ሁሴን ወደ እኔ ዞሮ፣ "አዮ፣ ለምን አልነገሩኝም?" አለ።

"ፈርቼ።"

"እኔን?"

በልቤ ልጄ ሞታ ብደርስ በገዛ አፌ በላሁባት እያልኩ ነበር።

ረቡዕ፣ ደሎ መና

ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን። ከበቅሎዋ ሳልወርድ ለቅሶ አዳመጥሁ። የሰማሁት ሳቅ ነው። ገባሁ። ዘሀራ ትራስ ተደግፋ የገብስ ገንፎ ጭኗ ላይ፣ ከንፈሯ በቅቤ ወዝቶ፤ አማቷ አጠገቧ።

"እማዬ! ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል ወረደልኝ። ቡላውስ?"

"መንገድ ላይ ተበላ።"

"ማን በላው?"

"እኔም በላሁ።"

ሕፃኗ እስክትነቃ ድረስ ሳቀች። የዘሀራን ግንባር ነካሁ፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ደህና ናት። አልሐምዱሊላህ! እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።

ቡና ቀላውን አቀረብኩ። እኔ ገለባው ጥርሴ ላይ ቀረ፤ እሷ እንደ አገሩ ሰው ከነገለባው ታኝካለች፣ ከአማቷ ጋር በኦሮምኛ ታወጋለች። ይዤው ከመጣሁት ባዶ ጨርቅ ስፌት የተረፈ ቡላ በጣቴ ጠርጌ አቀመስኳት።

"ይኮመጥጣል ለካ" አለች። "ረስቼው ነበር።"

ማታ አማቷ ጨርቁን ላጥብልሽ ብላ እጇን ዘረጋች። እምቢ አልኳት። ሳላጥበው አጥፌ ትራሴ ሥር አደረግሁት፤ እስካሁንም አላጠብኩትም።