የሸሚዞቹ ጉባኤ

ወንድሜ በእንግሊዝ ፓርላማ የመጀመሪያ ንግግሩን ባደረገበት ቀን፣ እኔ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ምድር ቤት አንሶላ እያጠፍኩ ነበር። ሎንዶን ከሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ገና ጠዋት ነው። ስልኬን ማድረቂያው ላይ አቁሜ ጠበቅሁ። "ስላንቺ እናገራለሁ፣ እትዬ" ብሎኝ ስለነበር ሳምንቱን ሙሉ ስለፍፍ ነው የከረምኩት። ለነርሶቹም ለጽዳት ሠራተኞቹም ነግሬያለሁ። ምን ነበር አፌን ብይዝ!

እናታችን ስትሞት እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበር። እኔ ትምህርቴን ትቼ የሰፈር ሰው ልብስ ማጠብ ጀመርኩ። ልጁ አፍ ሲፈታ ተንተባተበ። ትምህርት ቤት ስቀውበት እያለቀሰ ሲመጣ፣ ሳፋ ገልብጬ ላዩ ላይ አቆመውና ገመድ ላይ ለተንጠለጠሉት ሸሚዞች ንግግር አስደርገው ነበር። ሸሚዞቹም የዋዛ አልነበሩም፤ የዳኛው፣ የሐኪሙ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ነበሩ። "እነዚህ ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ አይስቁብህም" እለዋለሁ። መጀመሪያ ሸሚዞቹንም ያፍር ነበር። በኋላ ግን ስለ ውሃ መጥፋትና ስለ መምህሩ ክፋት ጎረቤት እስኪሰለቸው ይሰብክላቸው ጀመር። የፖለቲካ ሕይወቱ የተጀመረው እዚያ ነው።

ከፍ ሲል ሎንዶን ያለው አጎታችን ወሰደው። የእኔ ዕድሜ አልፏል ተባለ። እሱ እዚያ ተማረ፣ በወጣትነቱ የከተማ ምክር ቤት አባል ሆነ፣ ከዚያ ፓርላማ ገባ። እኔ ከብዙ ዓመት በኋላ ቶሮንቶ መጣሁ፤ ይኸው አሁንም ልብስ አጥባለሁ። አላገባሁም፣ አልወለድኩም። አንዱን አሳድጌ ከወሰዱብኝ በኋላ ሌላ ለመጀመር አቅም አጣሁ።

አብራኝ የምትሠራው ያገሬ ልጅ ሥራዋን ትታ አጠገቤ ቆመች። ወንድሜ ተነሣ። አንዴም ሳይንተባተብ ስለ ሳፋው ተናገረ፣ ስለ ሸሚዞቹ ተናገረ፤ ምክር ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ "ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት" አለ።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። እህት የሚለውን ቃል እስከ መጨረሻው ጠበቅሁ። ሳይለው ተቀመጠ።

ልጅቷ ግራ ገባት። "ማዘር ልጆች ሳላችሁ ነው ያረፉት አላልሽኝም እንዴ? ኮንፊውዝ አደረገኝ እኮ!"

"በሕይወት አለች" አልኳት። ወንድሜን ውሸታም ማስባል አልሆነልኝም። ተናድጄ ነበር፤ ከንዴቱ የባሰው ግን፣ ለዚያ ሁሉ ሰው በነገርኩበት ቤት ውስጥ ብቻዬን መቅረቴ ነው።

ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ላይ ሳለሁ ደወለ።

"ሰማሽኝ፣ እትዬ?"

"ሰማሁህ።"

"እህቴ ብል ኖሮ ሰዓቱ በማብራሪያ ያልቅብኝ ነበር። እናት ሲባል ሁሉም ቶሎ ይገባዋል። ተቀየምሽ እንዴ?"

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። ምላሴን ያዝኩ። በመስኮቱ የበረዶውን ክምር እያየሁ ሁለት ፌርማታ አለፍን።

"ጎበዝ እናት ነበረችህ" አልኩት።

ከዚያ፣ "እ... እ... እት..." አለ፤ እንደ ድሮው ቃሉ ተያዘበት።

አልሳቅሁበትም። እስኪወጣለት ጠበቅሁት።